የሞጣው ሰውዬ ዛሬም ሰደቡኝ

በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ። ሽበት የለኝ፣ ጋቢ የለኝ፣ ሚስት የለኝ፤ ግን ከቢቸና ሞጣ ድረስ ሄጄ የሰው ልጅ ለሰው ልጅ ጠይቄያለሁ። ያውም እኔ የኮምቦልቻው ሰይድ፣ ከአንድ ቄስ ጎን ቆሜ! እናቴ በስልክ ስትሰማ "አንተ ራስህ ሳታገባ ለሰው ልትሸመግል?" ብላ ሳቅ አላስወራ አላት። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ያኔ ቢቸና ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ከማስተምረው ውስጥ "ነጻ ሶፍትዌርና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር" የሚል ርእስ አለ። በየዓመቱ ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ እኔም የእጄን ጠመኔ አራግፌ እወጣለሁ። ትርጉሙ ግን ለእኔም አልገባኝም ነበር። ነጻ ሶፍትዌር ማለት መግዣ ያጣ ሰው የሚጠቀምበት፣ ከድግስ የተረፈ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖረው ይበልጣል ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በሥራ ሰዓት የወረዳ ቢሮ ኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር ሲያላቅቅ ይውላል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ለስልክ የሚሆን የጾምና የበዓል ቀን መቁጠሪያ ይሠራል። ሠርቶም አይሸጠው። ፕሮግራሙን ለሁሉም ይሰጣል፤ ውስጡን፣ ማለትም ራሱ የጻፈውን ኮድም እንዳለ ይለቀዋል። የፈለገ ያንብበው፣ የፈለገ ይለውጠው፣ የፈለገ ለሌላ ይስጠው። የማያውቃቸው ሰዎች በአስተያየት መስጫው በኩል "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" ብለው ይልኩለታል፣ እሱም ቁጭ ብሎ ያርማል።

"አንተ ሰውዬ፣" እለው ነበር፣ "ጠላህን ጠምቀህ ጋኑን መንገድ ላይ ነው እንዴ የምታስቀምጠው?"

"ጋኑን ብቻ? አጠማመቁንም ጽፌ ከጎኑ አስቀምጣለሁ።"

"ታዲያ ለአንተ ምን ተረፈህ?"

"ሙያ ያላት ሴት ስታልፍ ቀምሳ ‘ጌሾው በዝቷል’ ትለኛለች። እሱ ተረፈኝ።"

ምን ይባላል? ለእንዲህ ያለ ሰው ዱዓ ከማድረግ ሌላ ምን ይደረጋል!

ይህ ሰው ትርንጎን ወደደ። ትርንጎ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናት፤ ሳቂታ ናት፣ ግን የምትሠራውን ታውቃለች። አባቷ ዳኛ ልየው ሞጣ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ለታላቅ እህቷ የመጡትን ሽማግሌዎች "ማስረጃችሁ አልተሟላም" ብለው ሁለቴ የመለሱ ሰው ናቸው። ትርንጎም ለይበልጣል ቁርጡን ነገረችው፤ "እወድሃለሁ። አባቴ እንቢ ካለ ግን አባቴን ረግጬ አልመጣም። ደግሞ ከመጪው እሁድ ቀጥሎ ባለው እሁድ አንድ ባለ አይሱዙ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቴ አይሱዙውን ከነታርጋው ያውቀዋል። ቶሎ በል።"

ይበልጣል ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለ። አጎቱ አያ ዘለቀ፣ ቢቸና ገበያ ላይ እህል የሚያሻሽጡ፣ ምላሳቸው ከሚዛኑ የሚቀድም ሰው፣ ነገሩን በእጃቸው አስገቡ። የይበልጣልን የነፍስ አባት መምሬ አየነውን ያዙ። ሦስተኛ ሰው ሲፈለግ ጣታቸው እኔ ላይ አረፈ።

"አያ ዘለቀ፣ እኔ እኮ ልጅ ነኝ! ሙስሊምም ነኝ!" አልኩ።

"ዳኛው ስለ ልጁ ሙያ መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ ከኮምፒውተር የማውቀው መሰኪያውን ነው። መምሬ እሱንም አያውቁ። አንተ ላፕቶፕህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ላፕቶፕ ያልያዘ የኮምፒውተር አዋቂ ማን ያምናል?"

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን እስክንደርስ መንገዱ ሲያነጥረን ላፕቶፔን እንደ ሕፃን አቅፌ ነበር። እሱም አልበቃ፤ አያ ዘለቀ ለተሳፋሪው ሁሉ "ይህ ልጅ የኮምፒውተር ሊቅ ነው፤ እስቲ ክፈትላቸው!" እያሉ አስከፍተውኝ፣ አንዲት ዶሮ የያዙ እናት የሠርግ ቪዲዮ ካላየሁ ብለው፣ ባትሪዬ እየተሟጠጠ ሞጣ ገባን። ሞጣ ደግሞ መብራት የለም። "ነገ ይመጣል" አሉን። ይኼ ‘ነገ’ የሚሉት ቀን በማንም መቁጠሪያ ላይ የለም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዳኛ ልየው ደጅ ቆምን። ዳኛው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወጡ።

"ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መምሬ፣ እንደ ወጉ።

በወጉ ባለቤቱ ሁለቴ ሦስቴ "ኧረ ተቀመጡ" ብሎ ይለምናል። ዳኛ ልየው ግን "እንግዲያው ቁሙ" አሉና ራሳቸው ተቀመጡ። ከውስጥ የወጥ ሽታ መጣ። የገና ጾም ስለነበር የሚቀርበው ሽሮና ምስር ነው፤ ለእኔም ለእነሱም የሚሆን። ግን እሺ ሳይባል እህል አይቀመስም። ሆዴ ጮኸ፤ መምሬ ዞር ብለው አዩኝ።

አያ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል፣ ልጅ ይሁንዎት፣ ዘመድ እንሁን አሉ። እስከዚህ ደህና ነበር።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አሉ ዳኛው።

"የመንግሥት ሠራተኛ ነው" አሉ መምሬ።

አያ ዘለቀ ይህ አነሳቸው መሰለኝ "ደግሞም ትልቅ የሶፍትዌር ፋብሪካ አለው!" ብለው ጨመሩ። ክው አልኩ።

"ፋብሪካው የት ነው?"

"እ... ኮምፒውተር ውስጥ።"

"ስንት ሠራተኛ አለው?"

"ዓለም ሁሉ ይሠራለታል!"

"ምርቱን ለማን ይሸጣል?"

አያ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን እንኳ መምህሩ ነው የሚያስረዳው።"

ዳኛ ልየው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩኝ። "ምስክር፣ ወደ ፊት ቅረብ። ስም?"

"ሰይድ።"

"በምን ትምላለህ?"

"በቁርአን፣ ክቡር ዳኛ።"

"እዚህ ቤት ቁርአን የለም። በእናትህ ማል።"

"እናቴ ትሙት፣ እውነቱን እናገራለሁ።" ወላሂ፣ በእናቴ ምዬ የማላውቅ ሰው ለይበልጣል ፍቅር እናቴን መያዣ ሰጠሁ!

"ፋብሪካ አለው?"

"የለውም።" አያ ዘለቀ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ።

"ምርቱን ይሸጣል?"

"አይሸጥም። ለሁሉም ይሰጣል፤ አሠራሩንም ጭምር። ያገኘው ሰው ይጠቀምበታል፣ ውስጡን ይመረምራል፣ ይለውጠዋል፣ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።"

"ባለቤቱን ሳያስፈቅድ?"

"ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። አሻሽሎ የሚያድልም ሰው ለተከታዩ ያንኑ መብት መስጠት አለበት፤ ይበልጣል በዚህ ውል ነው የለቀቀው።"

ዳኛው ይሄኔ በትምህርት ቤት ኖሬ ማንም ተማሪ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ያለ ዋጋ ነው ወይስ ያለ ጌታ?"

አፌን ከፈትኩ፤ ምን እንደምል ሳላውቅ መልሱ መጣልኝ። "ያለ ጌታ ነው ክቡር ዳኛ። በገንዘብ የሚሸጥም ነጻ ሊሆን ይችላል፤ በባዶ የተሰጠም ላይሆን ይችላል። ጉዳዩ የዋጋ አይደለም። የያዘው ሰው በእጁ ባለው ነገር ላይ ያዝዛል ወይስ አያዝዝም ነው።" የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ የሰማሁትም ያኔ ገና እኔ ነኝ።

"ክፍት ምንጭ የሚሉትስ? በሬዲዮ ሰምቻለሁ።"

"ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ብቻ ነጻ ሶፍትዌር የሚሉት ‘የተጠቃሚው መብት ነው’ ብለው ይነሣሉ። ክፍት ምንጭ የሚሉት ደግሞ ‘ብዙ ሰው የሚያየው ሥራ ስሕተቱ ቶሎ ይለቀማል፣ ሥራው ይጠራል’ ብለው።"

"ገባኝ። አንዱ አቤቱታ ያቀርባል፣ ሌላው ጥቅሙን ያሰላል።" ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ፤ አሸነፍን መሰለኝ። ሰውዬው ግን ገና ብያኔያቸውን መጀመራቸው ነበር።

"ልጁ ጨዋ ሳይሆን አይቀርም" አሉ። "ነገር ግን ሥራውን ገልጦ ‘የፈለገ ይግባበት’ የሚል ሰው የቤቱንስ ነገር መች ይሰውራል? ነገ የልጄን ጓዳ አደባባይ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ፋብሪካ አለው ተብሎ በሐሰት ተመስክሮለታል። ጉዳዩን መርምሬ መልስ እንድሰጥ ከጥምቀት በኋላ ተቀጥሯል።"

ከጥምቀት በኋላ! አይሱዙው በሚቀጥለው እሁድ ነው የሚመጣው። የጓዳው መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ፤ ከቢቸና ቀድማን የመጣችው ትርንጎ ከኋላው ቆማ እየሰማች ነበር። መምሬ "ኧረ ዳኛ፣ ኧረ በማርያም!" አሉ። ዳኛው አልሰሙም፤ የቀጠሮውን ቀን ለመምረጥ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ነካ ነካ አደረጉ።

አሻግሬ ሳይ ልቤ ዘለለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል አውቀዋለሁ። ይበልጣል መቋሚያ ነው ብሎ የሳለው፣ እኔ ግን ሹካ ነው ብዬ የሳቅሁበት ሥዕል ነው።

"ይህን የመሰለ መቁጠሪያ የለም" አሉ ዳኛው። "መጀመሪያ ግን ስሕተት በስሕተት ነበር። ጥምቀት ዓርብ የሚውልበትን ዓመት ገልጬ ባይ ‘ጾም’ ይላል! ‘ከሞጣ’ ብቻ ብዬ እየፈረምኩ፣ የሠራውን ልጅ በአስተያየት መስጫው እየሰደብኩ፣ እየሰደብኩ አስተማርኩት። ‘ልክ ነዎት አባቴ’ ይለኛል፤ በማግሥቱ አርሞ ያመጣዋል። አሁን እንኳ ሰው ሆኗል።"

እኔ ደግሞ ምላሴን መያዝ አላውቅም። "ክቡር ዳኛ! ያ ልጅ እኮ ይበልጣል ነው! ልጅዎን የጠየቅንለት ልጅ!"

እልልታ ነበር የጠበቅሁት። ዳኛው ግን ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

"ምን አልክ? ትርንጎ! ነይ ውጪ!" ትርንጎ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። "ይህን ነገር ስልኬ ላይ የጫንሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"ለካ የማን አባት እንደሆንኩ እያወቀ ነው ‘ልክ ነዎት አባቴ’ ሲለኝ የኖረው! ለካ ላስተምረው ስል ሲያባብለኝ ነበር!"

"አያውቅም አባባ። እሱ እርስዎን አያውቅ፣ እርስዎ እሱን አያውቁ፤ ለሁለታችሁም አልነገርኩም። ትግባቡ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

"ማስረጃ አለሽ?"

ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ማስረጃ የለም" አሉ ዳኛው። "ስልኬ ውስጥ ገብቶስ ቤቴን ሲያዳምጥ እንዳልነበረ በምን አውቃለሁ? ቀጠሮው ተሰርዟል። መልሱ እንቢ ነው። በሩ ያውላችሁ።"

አያ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አነሡ። አለቀ። ይበልጣልን ምን ብዬ ነው የምነግረው? ምላሴ ነች ትርንጎን ያሳጣችው። የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ እጄ ግን ቦርሳዬን ያዘ፣ ላፕቶፑም ውስጡ ነበር።

"ክቡር ዳኛ፣" አልኩ፣ "ውስጡ ክፍት ነው ብያለሁ አይደል? ምዬ ነው ያልኩት። ይመርመር! ሙሉው ኮድ እዚህ አለ፤ ለተማሪዎቼ ማሳያ ብሎ ሰጥቶኛል። ከሰጠኝ ወር አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። መስመር በመስመር አነብልዎታለሁ። የሚሰልል ነገር ከተገኘ እኔን ራሴን ይክሰሱኝ።"

ዳኛ ማስረጃ ቀርቦለት አላይም ማለት አይችልም፤ ጠባዩ አይደለም። ወንበራቸውን አስጠጉ። መምሬ አየነው በደስታ ተቁነጠነጡ። "እኛ ተማሪ ቤት ሳለን አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይተረጉማል። አንተ ሁለቱንም ልትሆን ነው" አሉኝ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባትሪው ቀይ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ።

"ይህ ‘ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን፣ ጾም በል’ ይላል። ይህ ደግሞ ‘ከትንሣኤ በኋላ ያሉት አምሳ ቀናት ቢሆኑ ግን፣ አይጾምም በል’ ይላል።"

"አንቀጽ ነው እኮ!" አሉ ዳኛው ሳያስቡት። "ዋናው ድንጋጌ፣ ከዚያ ልዩ ሁኔታው። ቀጥል። የሚያዳምጠው የቱ ጋ ነው?"

"የትም የለም። ወደ ውጪ የሚልከው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸው። እርስዎ ራስዎ ‘አስተያየት ላክ’ የሚለውን ሲነኩ፣ የጻፉትን ብቻ።"

"እሺ። ይህችስ? በአማርኛ የተጻፈችው?"

"ይህች ማሽኑ የማያነባት ናት፤ ሠሪው ኮዱን ለሚያይ ሰው የሚተዋት ማስታወሻ።" ሳላስተውል ጮክ ብዬ አነበብኩ። "‘የሞጣው ሰውዬ ዛሬም ሰደቡኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ግን ልክ ናቸው፤ ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል አይጾምም።’"

አያ ዘለቀ አፋቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

"ሌላም አለ?" አሉ ዳኛው።

"‘ሰውዬው አህያ አሉኝ። አህያ እንኳ መንገዷን ታውቃለች፤ እኔ የዓቢይ ጾምን መግቢያ ስቻለሁ። ታርሟል።’"

"ብዬዋለሁ" አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። "አህያ ብዬዋለሁ።"

የሚቀጥለውን በዓይኔ ቀድሜ አየሁት። ገጹን ቶሎ ወደ ታች ገፋሁት።

"ቁም! ምን ዘለልክ?"

"ምንም አይደለም ክቡር ዳኛ፣ ጥቃቅን ነገር..."

"ክፍት ነው አላልክም? በእናትህ አልማልክም? አንብብ!"

ያ ረቢ! ለሠርግ የመጣሁት ሰውዬ ለቀብር ልሆን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ማንበብ ቢቻል እጨፍን ነበር። "‘ሰውዬው ዛሬ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሰደቡኝ። እኒህ ሰው ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለች፣ አማቻቸው የሚሆነውን ሰው እግዜር ይርዳው!’"

ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም። መምሬ አየነው ብቻ ቀስ ብለው "አሜን" አሉ።

መጀመሪያ የዳኛው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መነጽራቸው ወደቀ። ከዚያ ያ ሁሉ ዳኝነት ፈረሰና ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቁ ጀመር፤ ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም። "አያውቀኝም!" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "በእውነት አያውቀኝም! የሚያውቀኝ ሰው ይህን ይጽፋል? ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል!"

"አንዲት ቀርታለች" አልኩ። "‘ሰውዬው ድምፃቸው ከጠፋ ሰነበተ። አሟቸው ይሆን? እሳቸው ካልጻፉልኝ የምጠይቅበት አድራሻ የለኝም። ስድባቸው ናፈቀኝ።’"

ሳቁ ተቋረጠ። "ይህ መቼ ነው?"

ለውጥ በተደረገ ቁጥር ቀኑ ይመዘገባል፤ አየሁት። "ነሐሴ።"

ዳኛው ወደ ትርንጎ ዞሩ፤ እሷም ወደ እሳቸው። በነሐሴ ታመው ተኝተው ነበር። "የጠየቀኝ ሰው አልነበረም ብዬ ስንት ሰው አምቻለሁ" አሉ ዳኛው። መነጽራቸውን ቢያነሡም ቶሎ አላደረጉትም።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጻፍ። ውሳኔ ነው። እዚያው ማስታወሻው ሥር ጻፍ።"

"ክቡር ዳኛ፣ በቃል ይንገሩን፤ ባትሪው እያለቀ ነው!"

"ያልተጻፈ ውሳኔ ውሳኔ አይደለም። ጻፍ፤ ‘በዛሬው ዕለት ግራ ቀኙ ቀርበው፣ የቀረበውም ማስረጃ በሚገባ ተነቦ፣ ተመዝኖ...’"

"ያሳጥሩት በእናትዎ!" ጮህኩ። ላፕቶፑ ማስጠንቀቂያውን ጮኸ። "ዳኛ፣ አጭር ፍርድም ፍርድ ነው!" አሉ መምሬ። አያ ዘለቀ ጣቴን እያዩ "ምታው፣ ምታው!" ይላሉ፤ በሬ የሚያስነዱ ይመስል። ዳኛው የመጨረሻውን ቃል ሲሉ፣ እኔም አስቀምጥ የሚለውን ስጫን፣ ስክሪኑ ድርግም አለ።

"ተጻፈ?" አሉ ዳኛው።

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ውሳኔው መኖር አለመኖሩ አልታወቀም" አሉ፣ የምራቸውን።

እናም አስቡት፤ ዳኛ ልየው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ አያ ዘለቀ እየተከራከሩ፣ እኔ ላፕቶፕ አቅፌ፣ ትርንጎ ቻርጀሩን አንጠልጥላ፣ በሞጣ አስፋልት ጄኔሬተር ወዳለው ፀጉር ቤት በሰልፍ ሄድን። ግማሽ ጺሙ የተላጨ ሰውዬ የጸጉር መቁረጫው ተነቅሎ የእኛ ሲሰካ "ኧረ እኔስ!" አለ። "ዝም በል፤ ችሎት ነው" አሉት ዳኛው።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት የወሰደው ጊዜ ከቢቸና ሞጣ ካደረሰን መንገድ ይረዝማል። ማስታወሻዎቹን ወረድ ወረድ አልኩ። አለ!

"የሞጣው ሰውዬ እኔ ልየው ነኝ። መዝገቡ ተመርምሯል። ስድቡ ተነሥቷል። ልጄ ትርንጎ ተሰጥታለች።"

ባለ ግማሽ ጺሙ ሰውዬ ነው መጀመሪያ ያጨበጨበው። ትርንጎ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ተመልሰን ያን ሽሮ በላን፤ ያን የመሰለ ሽሮ ከዚያ በኋላም አልበላሁም።

በሠርጉ ዕለት ዳኛው ሲመርቁ "ሥራችሁ ክፍት፣ ጓዳችሁ ዝግ ይሁን" አሉ። የዚያን ቀኑን ሙግታቸውን እንዳልረሱት ያኔ ገባኝ። ልክም ነበሩ፤ ሥራን መግለጥና ገመናን መግለጥ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ያንን ርእስ ማስታወሻ እያስገለበጥኩ አላስተምርም። የይበልጣልን ኮድ እከፍትና "ስሕተት ፈልጉ፤ ካገኛችሁ አርሙትና ላኩለት" እላለሁ። የክፍሉ ኮምፒውተሮችም ቁልፉ ተሰብሮ በተሰረቀ ፕሮግራም አይሠሩም፤ በነጻው ነው የሚሠሩት። ተማሪ "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል" ሲለኝ ድሮ ጆሮዬ ይግል ነበር፤ አሁን "የቱ ጋ? አሳየኝ" እላለሁ። ስሕተቱን የሚያርመው ሰው ሲጠፋ የሚናፍቀው እንደ ይበልጣል ያለ ሰው መሆን ቀላል አይደለም፤ ግን እየሞከርኩ ነው። እናንተም ሰው ሥራችሁን ሲነቅፍ ከመቆጣታችሁ በፊት ልክ መሆን አለመሆኑን እዩ። ማን ያውቃል፣ የምትጠይቋት ልጅ አባት ሊሆን ይችላል።

የዳኛውን ውሳኔ ለይበልጣል ሰጥቼው ወደ ዋናው ኮድ አስገብቶታል፤ ዛሬም መቁጠሪያው ውስጥ አለ፤ ማሽኑ ያልፈዋል፣ የከፈተ ሰው ሁሉ ያነበዋል። በቅርቡ ራሴ ልመልከተው ብዬ ስከፍተው ግን ሥሩ አዲስ ነገር ተጽፎ አገኘሁ። ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው በጳጉሜ ስድስት ነበር። ይበልጣል በዚያው ሰሞን ኮዱን ሲነካካ አንዲት መስመር አበላሽቶ ኖሮ፣ አያት የልጅ ልጃቸውን ልደት ሊመዘግቡ ቢሉ መቁጠሪያው "እንዲህ የሚባል ቀን የለም" አላቸው። ዳኛ ልየውም የሰው እጅ ሳይጠብቁ፣ ትርንጎ እያሳየቻቸው ኮዱን ራሳቸው ከፍተው፣ ያችን መስመር ራሳቸው አርመው፣ ይህን ጽፈዋል፦

"ስድቡ በይግባኝ ተመልሷል። ልጅቱ ግን እንደተሰጠች ትቀጥላለች።"